ለሙከራ የተቀዳ ድምፅ

አባቷን ሰፈሩ ሁሉ «ጥሩምባ» ነው የሚላቸው። አውቶቡስ ሲነዱ ክላክስ መንካት አያስፈልጋቸውም ነበር፤ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው አንዴ ከጮሁ መንገዱ ይጸዳል። ነገ ጠዋት ሐኪሞች ያንን ማንቁርት ሊያወጡት ነው። ልጃቸው የሰርግ ቪዲዮ ቀራጺ ናትና ድምፃቸው ሳይጠፋ በትልቁ ካሜራ ልታስቀረው ሳሎኑን ስቱዲዮ አድርጋዋለች።

ያስቸገራት ካሜራው የቀረጸውን የሚጽፍበት ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ነው። ሲጀምር እንደ ጥይት ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ይንቀራፈፋል። ካሜራው የሚልክለትን መዋጥ ሲያቅተው ቀረጻው ቀጥ ይላል። ወንድሟ በስልክ እንቅዳቸውና እንገላገል ቢላት ገላመጠችው። የስንቱን ባዕድ ሰርግ አሳምራ ቀርጻ የገዛ አባቷን በስልክ? ኩራቷ ይህ ነው፤ ጉድ የሠራትም ይኸው።

ኬብሉን ቀየረች። ማስገቢያውን ቀየረች። ዲስኩ ግሎ ይሆናል ብላ ፋን ደቀነችበት። በየሙከራው «አባዬ፣ እስኪ ዝም ብለው ያውሩ» ትላለች፤ እሳቸው መቼ ወሬ ቸግሯቸው! እናቷ ትኬት ሳትቆርጥ ተሳፍራ እንዴት እንደያዟት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ራሳቸው እንዴት እንደተያዙ፣ እየሳቁም እያሳሉም ተረኩላት። የእሷ ዓይን የዲስኩን ፍጥነት የሚያሳየው ቁጥር ላይ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል፤ ከዚያ ሁሉ ጨዋታ አንዱም ጆሮዋ አልገባም።

በመጨረሻ ነገሩ ተገለጠላት። ዲስኩ እስከ አፍንጫው ሞልቷል፤ ባዶ ቦታ ካጣ ደግሞ መጻፍ ዳገት ይሆንበታል። የሞላው ባለቤቶቹ መጥተው ባልወሰዷቸው ሰርጎች ነው። የሰው አደራ አትሰርዝም፤ ላፕቶፑም ቢሆን ቦታ የለውም። ስለዚህ የራሷን ሰረዘች፤ የአባቷን ሙከራዎች በሙሉ። የተሰረዘውን ከሥሩ ጠርጎ የሚያጸዳውንም ትእዛዝ ሰጠች። ፍጥነቱ የሚመለሰው እንደዚያ ሲደረግ ነው፤ የተጠረገው ግን አይመለስም።

ዲስኩ ነፍስ ዘራ። ቁጥሩ ሽቅብ ወጥቶ እዚያው ቆመ። አሁን የእውነቱን እንቀዳለን፣ ይጀምሩ አለቻቸው።

አባቷ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ውሃ ጠጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ እንደገና ሞከሩ። ያቺ የቀረቻቸው ድምፅ በሙከራው አልቃለች። ካሜራው ዝምታውን አንዴም ሳይቋረጥ ቀረጸ። ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ ምን እንዳደረገች ያን ጊዜ ገባት።

አባቷ በእጃቸው ጠሯት። ጆሮዋን ወደ አፋቸው አስጠጋች።

«የቅድሙን ይዘሽዋል አይደል?» አሉ በሹክሹክታ።

«ይዤዋለሁ፣ አባዬ።»

«እንግዲያ ይበቃል። ከዚያ የተሻለ አላወራም» አሉና ማይኩን ከደረታቸው ፈትተው መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።