ካርቶኑ እስኪመጣ

አለቃችን ዶክተር ኢያቄም ከውጭ አገር በካርቶን ታሽጎ ያልመጣ ነገር ሳይንስ አይመስለውም። ለቡ ያለው ላብራቶሪያችን የባክቴሪያ ዘረመል የሚያወጣበት ኪት ካለቀ ቆይቷል፤ አዲሱ በካርቶኑ እንዳለ ጉምሩክ ተይዟል። እሱ በሩን ዘግቶ ኢሜይል ይጽፋል። ሥራ ማለት ለእሱ ያ ነው።

በዚህ መሃል ሲስተር ትሩፋት ጀሞ ካለ አንድ የወሊድ ክሊኒክ ናሙና ይዛ መጣች። የጨቅላዎች ክፍል ውስጥ ሕፃናት በየተራ ደማቸው እየተመረዘ ነበር። አንዱ ሞቷል። ከሕፃናቱ ደም ያደገው ባክቴሪያና ከክፍሉ እጅ መታጠቢያ የተገኘው አንድ ዘር ከሆኑ ምንጩ ታወቀ ማለት ነው። በቶሎ እንድነግራት ለመነችኝ። እንቅልፍ በዓይኗ ከዞረ ሰንብቷል።

ለዶክተሩ፣ ባክቴሪያውን ቀቅለን እንሥራው አልኩት። ነገሩ ቀላል ነው፤ ባክቴሪያውን ንጹሕ ውኃ ባለባት ትንሽ ቱቦ መበጥበጥ፣ ቱቦዋን ግጥም አድርጎ ዘግቶ ድስት ውስጥ በፈላ ውኃ መቀቀል፣ ከዚያ በማሽን አሽከርክሮ ዝቃጩን መተው። ዘረመሉ ከላይ በጠራው ውኃ ውስጥ ይገኛል። እሱም ይህን ያውቃል። የሚያፍረው በድስቱ ነው።

"እሜቴ፣ ይህ ላብራቶሪ ነው፤ ማድቤት አይደለም" አለኝ መነጽሩን እየወለወለ። ቀጥሎም አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ እንደሚፈላ አስተማረኝ። እንግዲያው ትንሽ አቆየዋለሁ ስለው ወደ ኢሜይሉ ተመለሰ። ለሕፃን የማይጨነቅ ሰው ለዲግሪ ሲጨነቅ ማየት ያቅለሸልሻል።

ስብሰባ ብሎ ሲወጣ ድስቱን ጣድኩ። ውኃ ብቻ የያዘች ቱቦም አብሬ ቀቀልኩ፤ እሷ ባዶ ካልወጣች የሌሎቹም ውጤት አይታመንም። የወጣውን ዘረመል በማሽን አባዝቼ ሳነጻጽር እሷ ባዶ ወጣች። የሕፃናቱና የመታጠቢያው ግን አንድ ሆኑ። ወዲያው ለትሩፋት ደወልኩ፤ መታጠቢያውን በዚያው ቀን አስዘጋችው።

ዶክተሩ ሲሰማ ውጤቱን እንኳ አልጠየቀም፤ ማን ፈቀደልሽ ነው ያለኝ። የቀቀልኩትንም ያልተቀቀለውንም ናሙና የማድቤት ትርፍራፊ ነው ብሎ አስጣለው። እኔንም ከምርመራው አንሥቶ ናሙና መቀበያ መስኮት ላይ አስቀመጠኝ።

ካርቶኑ ከሳምንታት በኋላ መጣ። ሁላችንንም ጠርቶ፣ እንደ ሙሽራ ደረቱን ነፍቶ ከካርቶኑ ጋር ፎቶ ተነሣ። ከዚያ አሁን እውነተኛ ሥራ ታያላችሁ አለና፣ ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ ትሩፋት ጋ ደወለ። ከታመሙት ሕፃናት አዲስ ናሙና እንድትልክለት አዘዛት።

"ከየት ላምጣልዎ ዶክተር? መታጠቢያው ከተዘጋ ወዲህ የታመመ የለም። የነበሩትም ድነው እናቶቻቸው ይዘዋቸው ሄደዋል" አለችው።

ስልኩን ዘጋው። ማናችንንም ሳያይ፣ ካርቶኑን የሚከፍትበት ምላጭ ፍለጋ መሳቢያውን መበርበር ጀመረ።