ሳልነግረው ያሰፋሁት ሱሪ

ልጅ ሆኜ፣ አባቴ ከሚሠራበት ክፍል ጀርባ፣ ከመጋረጃው ኋላ ተጋድሜ የሰማሁት ወሬ አለ፤ ግማሹ ጠፍቶብኛል። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። እናቴ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ይዛ ገባችና «እግሩን አሳጥርልኝ ብሎ ነው የላከው፤ ወገቡ ግን ሊፈነዳ ደርሷል» አለችው። አባቴም «ወገቡንም ትንሽ እለቅለታለሁ፤ እንዳትነግሪው ታዲያ። ሰውየውን ምን ያሳፍረዋል» አላት። እናቴ አንድ ነገር መለሰችለት። ምን እንዳለችው ብዙ ጊዜ ለማስታወስ ሞክሬ አቅቶኛል። የቀረልኝ ድምጿ ብቻ ነው፤ አልተስማማችም ነበር።

እኔም ልብስ ሰፊ ሆንኩ። ትምህርት ብዙ አልገፋሁም። የማውቀውን ያወቅሁት ጨርቅ ተጠቅልሎባቸው ከሚመጡ የጋዜጣ ቁራጮችና ከሰው አፍ ነው። ጠዋት የስፌት መኪናዬን ዘይት ከመቀባቴ በፊት አንድ አፍታ ዓይኔን እጨፍንና የዕለቱን ሥራ ለፈጣሪ አደራ እሰጣለሁ። ከዚያ በኋላ መስማት ነው። ሰው ወገቡ ሲለካ ሁለት እጁን ያነሳና፣ ማን እንደጠየቀው እንጃ፣ የቤቱን ጉድ ሁሉ ይዘረግፋል።

ታላቅ ወንድሜ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ መሪ ጨብጦ ተቀምጧል። የደንብ ልብሱን ሱሪ ከስምንት ዓመት በፊት የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ የማድሰውም እኔው። አንዴ ኪሱ ይቀደዳል፣ አንዴ ዚፑ ይበላሻል። ሲያመጣው እግረ መንገዴን የኋላውን ስፌት እፈታና፣ ከውስጥ ካስቀረሁት ትርፍ ጨርቅ ትንሽ እለቅለታለሁ። አልነግረውም። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ደግነት መስሎኝ ነበር።

አምና ጤና ጣቢያው በሰፈራችን የቅዳሜ ጠዋት ፕሮግራም ጀመረ። ቦታው የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። የምትመራው ነርስ ሚዛን በብብቷ ይዛ ስለምትዞር የሰፈሩ ሰው «ሚዛኗ» ይላታል። ክብደትና የደም ግፊት ትለካለች፤ ጣት ወግታ ስኳር ታያለች። ጥግ ላይ ሁለት ሴቶች በትንሽ ምድጃ አትክልትና ባቄላ ጨውና ዘይት ቀንሰው ሲሠሩ ያሳያሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ወጥተው እያጨበጨቡ ሜዳውን ይዞራሉ።

አንድ ቀን ሱቄ መጣች። «ሰዎቹ እኔ ሜትር ስዘረጋ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ይስቡታል» አለችኝ። «እርስዎ ሲለኩ ግን እንዳላቸው ይቆማሉ አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ወገብ ይለኩልኝ።»

«እኔ እኮ የምለካው ለሱሪ ነው።»

«እኔ ደግሞ ለባለ ሱሪው።»

ቅዳሜ ሄድኩ። እውነትም ሰው እኔ ፊት ሲቆም ሆዱን አይደብቅም። እሷ ቁጥሩን እየጻፈች ታስረዳለች፤ ወገብ ዝም ብሎ ሲሰፋ ግፊትና ስኳር ተከትለው እንደሚመጡ፣ ድካምና ራስ ማዞር ካለ ነገ ዛሬ ማለት እንደማይገባ። እሰማለሁ። እየሰማሁ ሳለሁ ወንድሜ ትዝ አለኝ፤ የሱቄ በራፍ ላይ ያሉትን አራት ደረጃዎች ወጥቶ ወንበር ላይ ዘፍ ሲል፣ በሁለት ትንፋሽ አንድ ቃል ሲናገር።

ሄጄ ና አልኩት።

«እኔ ምን ሆኜ?» አለኝ፤ ቀበቶውን ገለጥ አድርጎ ሱሪውን አሳየኝ። «ይኸው፣ አንተው በእጅህ የሰፋኸው። ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ጣት አልጨመርኩም። ጓደኞቼን ሂድና እያቸው፤ የሁሉም ሆድ መሪው ላይ ተጋድሟል። ወንድሜ፣ እኔ ምስክሬ ሱሪዬ ነው።»

ስለ ስፌቱ ሳልነግረው ወደ ሱቄ ተመለስኩ። 

በዚያው ሳምንት የወንድሜ ሚስት ሱቄ መጥታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ሰኞ ተርሚናሉ ላይ ከአውቶቡሱ ሲወርድ ዓይኑ ጨልሞበት የበሩን ብረት ይዞ ቆሟል። «ሙቀቱ ነው ይላል» አለችኝ። «ሰው ጭኖ መሀል መንገድ ላይ ቢሆንስ እላለሁ እኔ። አንተን ይሰማሃል፤ አንድ ነገር በለው።»

የምለው ነገርማ ነበረኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ፈጣሪን አቅም ስጠኝ እያልኩ ለመንኩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትንሿን መቀስና ሜትሬን ኪሴ ከትቼ ቤቱ ሄድኩ። እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ለስላሳ እየጠጣ ነበር። ሱሪውን አምጪልኝ አልኳት ሚስቱን፣ እትዬን። ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«እየው ጋሼ። ውጪው በፀሐይና በእጥበት ነጥቷል። ይሄ ጥቁር ሰማያዊ መስመር ደግሞ ድሮ ውስጥ ተደብቆ የነበረው ነው። ሁለቴ ሦስት ሦስት ሳንቲሜትር ለቅቄልሃለሁ። ትርፉ ሲያልቅብኝ ይሄን ቁራጭ አስገባሁበት፤ እሱ አምስት ነው።»

ቁራጩን በጣቱ ነካው። «ስንት ሆነ?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ሳንቲሜትር?»

«አዎ ጋሼ።»

«ስለዚህ አታለልከኛል።»

«አታለልኩህ።»

ቆጣ ይላል ብዬ ነበር፤ ጣሪያ ጣሪያውን ነው ያየው። «ተርሚናሉ ላይ ወገቤን እያሳየሁ ስንቱን እንደተሳለቅሁበት ታውቃለህ?» አለኝ።

እትዬ አፏን በእጇ ሸፍና ስቃለች። «እኔስ ስተኩሰው አይቻለሁ» አለች። «መስመሯ በየጊዜው ስትሰፋ። ወንድማማቾች ተማክራችሁ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

«አንቺም? እንግዲህ የማናውቀው እኔና አውቶቡሱ ብቻ ነን።»

«አውቶቡሱማ ያውቃል። የተሸከመህ እሱ አይደለም?»

ሦስታችንም ሳቅን። የሱ ሳቅ ግን ቶሎ አለቀ። ለስላሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና «ከሁለት ወር ጀምሮ ያዞረኛል» አለ። «በሽታ ተገኘብህ ካሉኝ ከመሪ ያወርዱኛል። እኔ ሌላ ምን አውቃለሁ? ከዚያ ወንበር ብነሳ ምንድን ነኝ?»

ለካ እንቢታው የሱሪ ጉዳይ አልነበረም። ሱሪው መሸሸጊያው ነበር፤ መሸሸጊያውን የሰፋሁለት ደግሞ እኔ።

«ሰው ጭነህ ዓይንህ ቢጨልምስ ጋሼ?» አልኩት፣ ቀስ ብዬ።

ሱሪውን ከጠረጴዛው አንስቶ አጠፈው። «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለ በመጨረሻ። «ወገቤን ግን አንተ ነህ የምትለካኝ።»

ቅዳሜ በባዶ ሆዱ መጣ። ለካሁት፤ ቁጥሩን ለነርሷ ጮክ ብዬ አልተናገርኩም፤ ወረቀቷ ላይ ጻፍኩላት። ግፊቱን ሁለቴ ለካች። ጣቱን ወጋች። መሣሪያዋ ቁጥር እስክታወጣ ያለችው ጊዜ ጥቂት ናት፤ እኔ ግን በውስጧ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሻለሁ።

«ስኳርዎ ከፍ ብሏል» አለችው። «ግን በሽታ ከሚባለው ቁጥር አልደረሰም። በራፉ ላይ ነው ያሉት፤ ከበራፍ ደግሞ ይመለሳሉ፤ በምግብና በእግር። ያዞረዎት ግፊቱ ይመስለኛል። ዛሬውኑ ሐኪም ያይዎታል።»

«መሪውስ?»

«ግፊቱ እስኪወርድ ያርፋሉ። ከወረደ ማን ይከለክልዎታል?»

የአውቶቡስ በር ሲከፈት እንደሚያሰማው ያለ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እኔ አዳራሹ ጀርባ ሄጄ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ተመስገን አልኩ።

ሐኪሙ ኪኒን ጻፈለት። በሦስተኛው ሳምንት ግፊቱ ወርዶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ነርሷ ግን አልለቀቀችውም። ሱቄ ውስጥ፣ እኔ እየሰፋሁ፣ ቁጭ ብለው ተደራደሩ።

«ለስላሳው ይቅር» አለችው።

«በሳምንት አንድ።»

«ይቅር።»

«እሺ፣ ይቅር።»

«ምሳ ከቤት።»

«እሱንማ ሚስቴ ከአንቺ በፊት ወስናለች።»

«ቅዳሜ ሜዳውን ሲዞሩ ግማሹ ይሮጣል፣ ግማሹ ቆሞ ያወራል። ፍጥነት ጠብቆ ከፊት የሚመራ ሰው እፈልጋለሁ።»

ወንድሜ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ። «ሃያ ሦስት ዓመት ሰዓቴን አሳልፌ አላውቅም» አለ። «ስንት ዙር ነው?»

«ለጊዜው አራት።»

ትንሽ አሰበና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፊት ሆኖ ለመምራት፣ በሌላው ቀን ደግሞ ከተርሚናል እስከ ቤቱ በእግሩ ለመሄድ ተስማማ፤ ማንም አጨብጭብ እንዳይለው ብቻ።