በልቻለሁ

እናቴ ከሰው ጋር ገበታ ቀርባ አታውቅም። ታቀርባለች፣ ምድጃው አጠገብ ትቆማለች፣ ያልበላውን ትቆጣለች። «ነይ ብዪ» ሲሏት መልሷ አንድ ነው፤ «በልቻለሁ»። መቼ ነው የበላችው? ጠይቆ መልስ ያገኘ የለም። አባቴ በሕይወት ሳለ «እናታችሁ የምትበላው ከመላእክት ጋር ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር፤ እኛም እንስቅ ነበር።

እኔ የሆቴል አንሶላ ተኳሽ ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ነው የምውለው። እግሬ ሲደነዝዝ ከመቆም ብዛት ነው እል ነበር፤ ለካ ስኳር ኖሯል። ተኩስ ቤቱ ውስጥ በቅጥነቴ የተነሳ «ክር» ነው የሚሉኝ። ክርን ስኳር ያዛት ሲባል ሳቁ ለጉድ ነበር። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ «ሻይሽን እንደ ማር ስታጣፍጪው ነው» ብላ ነገር ጀመረች፣ እስከዛሬም አልተወችኝም። በሽታውስ ይሁን፤ እኔን ያደከመኝ በየቀኑ ራሴን መከላከሉ ነው።

ዛሬ ልጄን ለእርግዝና ክትትል ይዣት ሄድኩ። ልብስ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ ነው የመጣችው። ነርሷ ሆዷን በሜትር ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ፊቷ ተለወጠ።

«ፅንሱ ለወሩ ትንሽ ነው። በደንብ ትበያለሽ?»

«እበላለሁ» አለች ልጄ ፈጠን ብላ።

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ፣ እናት? የቆየ ሕመም አለብዎት?» ስለ ስኳሩ ነገርኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «እናትዎ እርስዎን ሲያረግዙ ምግብ አጥሯቸው ነበር?»

«ኧረ እሷ ምንም አልጎደለባትም! ራሷ ናት የምትለው።»

ነርሷ ወንበሯን ሳበች። «ማህፀን ውስጥ ምግብ ያነሰው ልጅ ሰውነቱ ለችግር ዘመን ይዘጋጃል። የወረሰው ዘር ያው ነው፤ ግን የትኛው ክፍል ይሥራ፣ የትኛው ይተኛ የሚለው ነገር ያኔ ሊቀየር ይችላል። ኋላ ምግብ ቢያገኝም ሰውነቱ በዚያው ልማዱ ይቀጥላል። ሲያድግ ለስኳርና ለግፊት የመጋለጥ ዕድሉ ይጨምራል። ሁሉም ይታመማል ማለት አይደለም።» ቀጥላም ሴት ልጅ ገና እናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች የወደፊት ልጆቿን እንቁላል ይዛ እንደምትፈጠር፣ ረሃቡ ለልጅ ልጅ ይተርፍ እንደሆነም ገና እየተጠና መሆኑን ነገረችን። እናቴ እኔን ስትሸከም ልጄም በግማሽ እዚያው ነበረች ማለት ነው። ሦስታችንም በአንድ ሆድ! «ያለፈው አልፏል» አለች ነርሷ፣ «የዚህኛው ግን ገና አላለፈም። ትብላ።»

አውቶቡስ ውስጥ የልጄን ቦርሳ ተቀበልኳት። ከብዶኝ ነበር፤ ምን እንደያዘ ግን አልጠየቅኳትም። እናቴ ቤት ገብተን ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፈው ግን ኳ አለ። ከፈትኩት። የምሳ ዕቃዋ ነው። ፋብሪካው የሚሰጣት ሩዝና ባቄላ ማንኪያ ሳይነካው ቀዝቅዞ ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለእሱ ነው፣ እማዬ። ከሥራ ከቀነሱት ወዲህ እኮ ቤት ውስጥ ምንም...» ባሏን ማለቷ ነው።

«አንቺስ?»

«በልቻለሁ።»

ድምፁ ራሱ የእናቴ ነበር። ምድጃው ጋ የቆመችው እናቴ ጭልፋዋን አስቀመጠች።

«ውሸቷን ነው» አለች።

«እማማ፣ እውነቴን ነው!»

«እኔ አውቀዋለሁ፣ የኔ ልጅ። እናትሽን ሳረግዝ አያትሽ ታሞ ተኝቶ ነበር። ያለችውን ለእሱ፣ የተረፈውን ለአጎቶችሽ። እኔ ውሃ ጠጥቼ እተኛ ነበር። በልቻለሁ ስላቸው አመኑኝ። አንዴ ካመኑሽ ደግሞ ምን ብለሽ ትመለሻለሽ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኔን ግን አላየችም። «ሕመምሽን ያመጣው የሻዩ ስኳር አይደለም መሰለኝ።»

ነርሷ ያለችውን ገና አልነገርናትም፤ ለካ ራሷ ስትጠረጥር ኖራለች። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ያን ሁሉ ንዝንዝ አስታውሼ ልጮህ ፈለግሁ። ግን አሳዘነችኝ። አንዲት እርጉዝ ሴት ከአንድ ድስት ሁሉንም አብልታ የራሷን ሆድ በውሃ ስትሞላ ታየችኝ።

«አንቺ ምን ታደርጊ፣ እማ» አልኳት። «የሚጠይቅሽ አልነበረም።»

«እሱስ ምን ይብላ?» አለች ልጄ እንባዋን እየጠረገች።

«ይምጣ። እግር የለውም? እዚሁ ይብላ!»

እናቴ ሦስት ሳህን አወጣች። ሾርባውን ቀዳች፣ ዳቦውን ቆረሰች። ልጄ ሳህኑን እያየች እጇን ጭኗ ላይ አኖረች። እኔ እንዴት አድርጌ እንደማስበላት አላውቅም ነበር።

እናቴ ማድረቂያ ጨርቅ የተከመረበትን ወንበር አራግፋ ሳበችና ከልጄ ፊት ለፊት ተቀመጠች። እዚያ ወንበር ላይ አይቻት አላውቅም።

ልጄ ቀና አለች። «እማማ፣ አንቺ አልበላሽም እንዴ?»

እናቴ «በል...» ብላ ጀመረች፣ ተወችው።

«አልበላሁም» አለች። «ርቦኛል። ነይ አብረን እንብላ።»

ልጄ ማንኪያዋን አነሳች።