በእበት ጋዝ የበሰለው የሚካኤል ወጥ

ንግሥቴ ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አልሆነላትም። የወጡን ድስት ትከፍታለች፣ መልሳ ትከድናለች፣ ደጅ ወጥታ መንገዱን ታያለች፣ ተመልሳ እሳቱን ትቀንሳለች። ኅዳር ሚካኤል ነው፤ የማኅበሩም ተራ የእነሱ ነው። እንግዶቹ መምጣታቸውስ ይመጣሉ፤ መብላታቸውን ግን ሚካኤል ይወቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካነ ሰላም የመጣው የኢነርጂ ባለሙያ ባሏን ፈንታሁንን «ሞዴል አርሶ አደር አይደለህ እንዴ?» ብሎ አሞካሽቶ ጓሮው ላይ የባዮጋዝ ጉድጓድ አስቆፈረው። እበቱ በውኃ ተበጥብጦ ይገባል፣ ጋዙ በቧንቧ ማድ ቤት ይደርሳል፣ ክብሪት ሲጫር ሰማያዊ እሳት ነው፤ ጭስ የለ፣ እንባ የለ። ባለሙያው ሽንት ቤቱንም እናገናኘው ብሎ ነበር። ንግሥቴ አካፋውን ቀምታ «እኔ ቆሜ!» አለችና ቀረ። አገሩ የሰማው ግን መገናኘቱን እንጂ መቅረቱን አይደለም። አብራት ያደገችው ጎረቤቷ እታገኘሁ እንኳ ሰሞኑን ቤቷ መጥታ ውኃ አልቀምስ ብላ ሄዳለች።

«ዛሬ ካልበሉልን ነገ ቧንቧውን እነቅለዋለሁ» ብሏል ፈንታሁን። «ሰው ተጠይፎኝ አልኖርም።»

እሱ ምን ቸገረው! ጭሱ ሲመለስ ዓይኗ በርበሬ መስሎ ከማድ ቤት የምትወጣው እሷ ናት።

ማኅበርተኞቹ መጡ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ቢያድግልኝ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦውን ቆርሰው፣ ወጡ ሲቀርብ እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ፈንታሁን፣ ይኸ ወጥ በምን በሰለ?»

ሁሉም ወደ ፈንታሁን ዞረ።

«በእንጨት ነው አባቴ፣ አብሽሩ!» አለ ፈንታሁን፣ ሚስቱን ሳያያት።

እፎይ ተባለ። እጅ ሁሉ ወደ ገበታው ተዘረጋ። እታገኘሁ ጣቷን እየላሰች «አየሽ እቴ፣ የእንጨት ወጥ ሌላ ነው!» አለች። መምሬም አፋቸውን ሞልተው «ደግ አደረግህ ልጄ። ያንን ጉድጓድ ነገውኑ ድፈነው» አሉ።

«እሺ አባቴ» አለ ፈንታሁን።

ጠላ ትቀዳ የነበረችው ንግሥቴ ደሟ ፈላ። ባሏ ዋሽቶ አበላላት፤ ያው ውሸት ደግሞ ምድጃዋን ሊነጥቃት ነው። ዝም ብትል ሁሉም ሰላም ነው፤ ከነገ ወዲያ ግን ያ ጭስ አለ። ማሰሮውን አስቀመጠች።

«መምሬ፣ በሚካኤል ቀን አልዋሽም። እንጀራው በእንጨት ነው የተጋገረ፤ ወጡ ግን በጋዙ ነው የተሠራ። የላሞቼ እበት ብቻ ነው፣ ሽንት ቤቱ አልተገናኘም፤ ሄደው ይዩት። አሁን የጎረሱትም እሱን ነው።»

«ያረቢ!» አለች እታገኘሁ፣ ጣቷ አፏ ውስጥ እንዳለ።

ፈንታሁን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የመምሬ ጉንጭ እንዳበጠ ቀረ፤ ማኘኩም መትፋቱም ቸገራቸው። ሰው ሁሉ የእሳቸውን አፍ ያያል። ንግሥቴ ባለችበት ቆመች። ፈርታለች፤ ቃሏን ግን አልመለሰችም።

መምሬ ጉርሻውን እንደያዙ ተነሥተው ወደ ማድ ቤቱ ዘለቁ። እሷም ተከትላ ምድጃውን ለኮሰችላቸው። ጎንበስ ብለው እሳቱን አዩ፤ ቀና ብለው ጣሪያው ላይ የቀረውን የድሮ ጥቀርሻ አዩ፤ የጠራውን የእሷን ዓይን አዩ። ከዚያ ጉርሻውን ዋጡ።

«ለመሆኑ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስንት ላም ቢኖር ይበቃዋል?»