ቼሪው ሊለቀም ሲል

ለበሰለ ቼሪ ዝናብ ጠላቱ ነው። ፍሬው ውሃውን ይመጥና ቆዳው ይተረተራል፤ የተተረተረ ፍሬ ደግሞ ገበያ አያይም። ለዚህ ነው የሃርዳንገር አውራጃ ገበሬ ሁሉ ሐምሌ ሲገባ ዛፎቹን ላስቲክ የሚያለብሰው።

ኦስኔም አልብሳ ነበር። ባሏ ቶርጋይር ከሞተ ወዲህ ማሳውን የምትይዘው ከልጇ ከራግና ጋር ነው። በዚያ ዓመት ዛፎቹ ቅርንጫፋቸው እስኪጎብጥ አፍርተዋል፤ እናትና ልጅም ሰኞ ለቀማ ሊጀምሩ ተነጋግረዋል። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከባሕሩ ወሽመጥ የተነሳ ነፋስ ዳገቱን ሽቅብ መጣና ላስቲኩን ከነሽቦው ቦጫጨቀው። ግማሹ አጥር ላይ ተንጠለጠለ፤ ግማሹን ባሕሩ ወሰደው። ከምዕራብ በኩል ደመናው ይጠቁራል።

ራግና አዲስ ላስቲክ ፍለጋ ያልደወለችበት ሱቅ የለም። "ከማክሰኞ በፊት አይደርስም ይላሉ፣ እማዬ።"

"እስከ ማክሰኞማ ምኑ ይተርፋል?"

"አጎቴ ሹርን ብጠይቀውስ?"

ሹር የቶርጋይር ታላቅ ወንድም ነው፤ ማሳው ከእነሱ ማሳ በላይ፣ ነፋሱ በማይደርስበት ጥግ ነው። ወንድማማቾቹ በመሃላቸው በሚያልፈው መንገድ ተጣልተው፣ ሳይታረቁ ቶርጋይር ሞተ። ሹር ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ታየ፤ ከዚያ ወዲያ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም።

"በምን ፊቴ ልጠይቀው?" አለች ኦስኔ።

እሱ ግን ሳይጠየቅ መጣ። ትራክተሩ በዚያው በተጣሉበት መንገድ እያጓራ ወረደ። ተሳቢው ላይ የተጠቀለለ ላስቲክ ተቆልሏል።

"ቆማችሁ ሰማይ ትቆጥራላችሁ?" አለ ገና ሳይወርድ። "አንቺ ልጅ፣ መሰላሉን ያዢ። ደግሞ እንደ አባትሽ እንዳትቋጥሪ፤ የሱን ቋጠሮ በግ እንኳ ይፈታዋል።"

"ማን አስተምሮት ነው?" አለች ራግና።

ሹር ፊቱን አዙሮ ገመዱን መፍታት ያዘ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ኦስኔ አይታለች።

ሦስቱም እጃቸው እስኪላጥ ጎተቱ፣ ወጠሩ፣ አሰሩ። የመጨረሻው ረድፍ እንደተሸፈነ ዝናቡ ወረደ። ኦስኔ ላስቲኩ ሥር ቆማ ፊቷን ስትጠርግ ዓይኗ ወደ ላይኛው ማሳ ሄደ። የሹር ዛፎች ራቁታቸውን ናቸው። ያልተለቀሙት ፍሬዎች ደም መስለው፣ ውሃው በላያቸው ይወርዳል።

"ሹር፣ የራስህን ገፈህ ነው እንዴ ያመጣኸው?"

"አብዛኛውን ለቅሜዋለሁ። የቀረው ጥቂት ነው።"

"ጥቂት አይደለም። ከዚህ ይታየኛል።"

ሹር አጠገቡ ያለውን ግንድ በመዳፉ ዳበሰ። "እነዚህን አባታችን ማሳውን ሳያካፍለን በፊት እኔና ቶርጋይር ነን የተከልናቸው። ጉድጓዱን እሱ ይቆፍራል፣ እኔ አፈር እመልሳለሁ። ዝናብ ሲበላቸው ከላይ ሆኜ ማየት አልሆንልህ አለኝ።"

ኦስኔ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። እሱም አልነጠቃትም።

እሑድ ዝናቡ ሲያባራ እናትና ልጅ ባልዲ ይዘው ወደ ሹር ማሳ ወጡ። የተተረተረው ቼሪ ሳይሻግት ከተለቀመ ማርማላታ ይወጣዋል። ሹር መጀመሪያ "ተዉት፣ ለወፍ ይሁን" ብሎ አጉረመረመ፤ ኋላ የራሱን ባልዲ አመጣ። እስከ ምሳ ለቅመው በኦስኔ ማእድ ቤት ትልቁን ድስት ጣዱ። ሹር ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት ገበታ ቀረበ፤ የበግ ሥጋና ድንቹንም ደግሞ አስጨመረ። ኦስኔ ስትጨምርለት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ፊቷ ግን ይስቃል።

"ነገ ስንት ሰዓት ነው ለቀማው?" አለ ሹር እያኘከ።

"አንተ ስትመጣ" አለችው።