የጌታነሽ ጣራ

ጌታነሽ ቤት ጀምራ ነበር። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ በሩም መስኮቱም ቦታውን ይዟል፤ ጣራ ብቻ የለውም። ትዳሯን ፈትታ ከመርሐቤቴ ስትመለስ አባቷ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከወንድሟ ከአስፋው ግቢ ጥግ ቆርሶ የሰጣት ቦታ ላይ ነው የቆመው። ግድግዳው ካለቀ ብዙ ክረምት አልፏል። እኛ የሰፈሩ ሰዎች አፋችን አያርፍምና ስም አወጣንለት፤ "ነገ" አልነው። አስፋው በጎቹን የሚያሳድረው እዚያ ስለሆነ፣ ሲመሽ "በጎቹን ነገ ውስጥ አስገቧቸው" ሲባል ይሰማል። ጌታነሽም አብራን ትስቅ ነበር።

ለምን አትከድኚውም ስትባል ምክንያት አጥታ አታውቅም። መጀመሪያ ከቀየት ገበያ ቆርቆሮ ገዝቼ ነው አለች። ቆርቆሮው ሲወደድ ጓሳው እስኪከፈት ልጠብቅ አለች። ጓሳው ሲከፈት ደግሞ የአስፋው ሚስት ማዕረግ አራስ ነበረችና ማን ይረዳታል ብላ ቀረች። ሲገፏት "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ትላለች። ተረቱስ እውነት ነው፤ እሷ ግን ቆማም አልታጠቀችም።

ጓሳ ማለት ቤት የምንከድንበት ሣር ነው። ሜዳው ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቃል፤ የሚከፈተው ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ ነው። በመክፈቻው ጠዋት እያንዳንዱ ቤት በስሙ ይጠራል። ተጠርቶ "አለሁ" ያላለ ድርሻ የለውም፤ እስከሚቀጥለው መክፈቻ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ዘንድሮ ጓሳው እንደሚከፈት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነገረ። የዚያን ዕለት ምሳ ላይ አስፋው እህቱን ሳያያት ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ማሙሽን ሊድር ነው፤ ቤት ሊሠራለት ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ከገደል ሥር ተፈንቅሎ በጀርባ የሚወጣ ነገር ነው።

"ዘንድሮ ካልከደንሽው ድንጋዩን ለማሙሽ አነሣዋለሁ" አላት። "ክረምት ከሚበላው ሰው ይጠቀምበት።"

እውነቱን ነበር። ጭቃው በዝናብ ታጥቦ የግድግዳው ጥግ ማጋደል ጀምሯል።

የመክፈቻው ዕለት ጎሕ ሳይቀድ ተነሣች። ማጭዷን ስላ አሳድራዋለች። ውርጩ መሬቱን አንጥቶታል። አስፋው ቀድሟት ሄዷል። ገመዷን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ግቢው መሃል ቆመች፤ የሚያስቀራት ሰው ጠበቀች። ማንም አልጠራትም። እሳት የምታያይዘው ማዕረግ "መንገዱን ያቅናልሽ" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጌታነሽ ይህን አልለመደችም።

እስቲ በጎቹን ልይ ብላ ወደ ግድግዳዋ ጎራ አለች። ጥቁሯ በግ ጥግ ይዛ ታምጣለች። የግልገሉ አንድ እግር ወጥቷል፤ ሌላው የለም። እንዲህ ያለውን ምጥ በኛ ሰፈር እንደ ጌታነሽ የሚችልበት የለም።

"ተመስገን" አለች።

ቃሉን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። በግ በምጥ ተይዛ ተመስገን! ፊቷን ብትዳስስ ፈገግ ብላለች። ማዕረግ አራስ በነበረችበት ዓመትም ልክ እንዲህ ደስ ብሏት እንደነበር ትዝ አላት። አፈረች፤ ከማፈርም አልፎ ራሷን ፈራች። እስከዛሬ ችግር የሚያስቀራት ይመስላት ነበር፤ ለካ ችግር ሲመጣላት የምትደሰት ሰው ኖራለች።

ማዕረግን ጠራቻት። ማዕረግ በግ አዋልዳ አታውቅም፤ ነገሩን ስታይ ወደኋላ አለች።

"እጅሽን ቅቤ ቀቢና ሌላውን እግር ፈልጊ" አለቻት ጌታነሽ። "ስታምጥ ሳቢ፣ ስታርፍ ተዪ።"

"ብትሞትብኝስ?"

"ትሙት" አለችና ወጣች። በጓን ያሳደገቻት እሷ ናት።

ዳገቱን በሩጫ ወጣችው። ፀሐይ ጫፍ ጫፉን መትታለች። ከላይ የሚጠሩት ሰው ድምፅ በነፋስ እየተቆራረጠ ይደርሳታል፤ የማን ስም እንደሆነ ግን አይለይም። ድንጋይ አዳልጧት ጉልበቷ ተላጠ። ተነሥታ ሮጠች። የጠሪው ድምፅ ጸጥ አለ።

ስትደርስ የጓሳው ሹም አያ ጫኔ ጠርተው ጨርሰው "ግቡ" ሊሉ እጃቸውን አንሥተዋል። ያ ቃል ከወጣ በኋላ የሚጨመር ሰው የለም። እኛም ማጭዳችንን ጨብጠን ቆመናል።

"አያ ጫኔ፣ እኔ አልተጠራሁም" አለች ትንፋሿ እየተቆረጠ።

"ቤታችሁ ተጠርቷል ልጄ። አስፋው አለሁ ብሏል፤ ግቢና እርጂው።"

እንዲያ ብታደርግ ማን ይፈርድባታል? ዘመኗን ሁሉ ያደረገችው እሱን ነው።

"በአስፋው አይደለም። በስሜ ይጥሩኝ።"

ከመሃላችን አንዱ "ነገ ሊከደን ነው" አለና ሳቅን፤ እኔም ሥቄያለሁ። አያ ጫኔ አልሣቁም። ድርሻ የሚሰጠው ለቤት ነው፤ ቤት መኖሩንም ጎረቤት መመስከር አለበት። ወደ አስፋው ዞሩ።

"ቤት አላት?"

አስፋው ማጭዱን ያያል። የላትም ቢል ድንጋዩ ለማሙሽ ነው። ጌታነሽ አላየችውም፤ አልለመነችውም። ከጉልበቷ የሚወርደውን ደም እንኳ አልጠረገችም።

"ግድግዳው የራሷ ነው" አለ በመጨረሻ። "ጣራውን እሷ ታውቃለች።"

አያ ጫኔ እንደማንኛውም ባለቤት ጮክ ብለው "ጌታነሽ!" አሉ።

"አለሁ።"

ዘግይታለችና የደረሳት ረግረጉ ዳር ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ያላጨደችው የሜዳው ሆኖ ይቀራል። ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይይዛል፤ የጓሳው ጠርዝ መዳፍ ይቆርጣል። እኛ ለምሳ ስንቀመጥ እሷ አልተቀመጠችም። ካጨደችው ጥቅጥቅ ያለ ክዳን ይወጣል ብል እዋሻለሁ፤ ለአንድ ክረምት ግን ይበቃል።

ሲመሻሽ ሣሩን በአህያ ጭነን ግቢዋ አደረስንላት። ማዕረግ እስከ ክርኗ ደም ነክቷት የጌታነሽ ቤት በር ላይ ቆማለች። ግልገሉ እግሩ እየተብረከረከ እናቱን ይጠባል። "ሳብኩት፤ ወጣ" አለች ማዕረግ፣ ራሷም ያላመነች ይመስል። ጌታነሽ ደስ አላት፤ ደግሞም ከፋት። አለ እኔ አይሆንም ያለችው ሁሉ አለ እሷ ይሆን ኖሯል።

ግድግዳዎቹ መሃል በጎቹ ሞልተዋል። አስፋው መጣና ሣሩን አየ፤ የተቆራረጠ እጇንም አየ። አሳዘነችው።

"ሣሩ ለዛሬ ደጅ ይደር" አላት። "ደክሞሻል። በጎቹን ነገ እናወጣቸዋለን።"

ጌታነሽ በእውነት ደክሟታል። ጭነቱን ተደግፋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ግልገሉን በደማ እጇ አቀፈችው፤ እናቱን አስከትላ የአስፋው ቤት አስገባቻቸውና ተመለሰች።

"አሁን ነው የሚወጡት፣ ወንድምጋሼ" አለችው።

አስፋው በሩ መሃል እንደቆመ አያት። ከዚያ በሩን ለቀቀላት፤ በጎቹን አንድ በአንድ ማስወጣት ጀመረች።