ሳንጃ ሩቅ ነው

የሰፈሩ እድር ደንብ ስለ ቀብር አጭር ነው፤ «ከአንድ ቀን መንገድ በላይ ያለ ልጅ ሩቅ ነው፤ ሩቅ አይጠበቅም» ይላል። ደንቡ የወጣው ሰው በበቅሎ በሚሄድበት ዘመን ነው። ሊለውጠው የደፈረ ግን የለም።

አያ አስናቀው ልባቸው ደክሟል። ሐኪሙም አልሸሸጋቸውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ጎንደር አራዳ ሲሰበሰብ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስሞት ልጄን ሰውአገኝን ጠብቁልኝ። እሱ ሳይደርስ አፈር እንዳታለብሱኝ።»

የእድሩ ዳኛ ገብረ ሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰውአገኝ ያለው ሳንጃ አይደል?»

«ሳንጃ ነዋ። ሰሊጥ ያርሳል።»

«የሳንጃ መንገድ ኬላ ላይ ተዘግቷል። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ሩቅ ነው፣ አያ።»

«ሳንጃ? ጧት በማኪና ተነሥቼ ለምሳ የምደርስበት ሳንጃ?»

«ያን ጊዜ ቅርብ ነበር።»

ገንዘብ ያዟ እንኳየሁ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ምነው፣ ሴት ልጅዎ እታገኘሁ ዱባይ አለች አይደል? ከዱባይ አዲስ አበባ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ደግሞ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ጧት ብንደውልላት ማታ እዚህ ናት። እሷን እንጠብቃለን።»

«እታገኘሁ ቅርብ ናት» ሲል ዳኛው አጸደቀ።

«ትምጣ፣ ሸጋ ነው» አሉ አያ አስናቀው። «እኔ ግን ሰውአገኝን ነው ያልኩት። አኩርፎኝ ነው የሄደው። በስልክም ከእግዜር ይስጥልኝ በቀር የምንባባለው የለም።»

ጡረታ የወጣው መምህር አወቀ ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየ። «ካርታው'ኮ ሳንጃ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናት ይላል።»

«በካርታ ቀብር የደረሰ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ ዳኛው።

አወቀ ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው ሰውአገኝ ዱባይ ቢሄድስ?»

መጀመሪያ የሳቀ ነበር። ቀጥሎ ግን ነገሩ ከደንቡ ጋር ገጠመ። ዱባይ ከሄደ ይቀርባል፤ ከቀረበ ይጠበቃል። እጅ ወጣ፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አያ አስናቀው እዚያው ቆመው ደወሉ።

«ሰውአገኝ፣ ልጄ፣ ዱባይ ሂድልኝ።»

«ምነው አባዬ? ዱባይ ምን ልሠራ?»

«እንድትቀርበኝ።»

የእድሩን ውሳኔ፣ የሐኪሙንም ቃል ነገሩት።

«አባዬ» አለ ሰውአገኝ፣ «አውሮፕላን የምሳፈረው'ኮ ከጎንደር ነው። ዱባይ ለመሄድ መጀመሪያ ጎንደር መድረስ አለብኝ።»

አያ አስናቀው ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና ስብሰባውን ዞር ዞር ብለው አዩ። መልሰው ጆሯቸው ላይ አደረጉት።

«እንግዲያውስ ስታልፍ ቤት ግባ» አሉ።

«እገባለሁ አባዬ። ግን ኬላው ጎንደር ለሚሄድ አይከፍትም።»

«አንተ ጎንደር መቼ ትሄዳለህ? ዱባይ ነው የምትሄደው።»

«እሱስ ልክ ነው» አለ ሰውአገኝ። «ነገ በማለዳ ልሞክራቸው።»

«ሻንጣ ያዝ» አሉ አያ አስናቀው፣ «ትልቅ ሻንጣ፤ እንዲያምኑህ።»